ከቁጥር እስከ ቁም

መዝገቡ ከማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ነው፤ ጥቁር ጠንካራ ልባስና ቀይ የጨርቅ ጀርባ ያለው፣ ባለሱቅ ዱቤ የሚይዝበት ዓይነት። ሲገልጡት ግን የሱቅ ሒሳብ የለበትም። ፉሪ ላይ፣ ጋራው ፊት ለፊት በሚታይበት ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት ልጆቿን ቤት ውስጥ ስታስተምር የታቀደውን፣ የተሠራውንና የተደረሰበትን የያዘችበት ነው። ለአንድ ልጅ በዓመት አንድ መዝገብ አለ። የሴት ልጇ አንድ ብቻ ነው፤ የወንዱ ሦስት ደርሷል። የባለሙያ እጅ ያረፈበት ነገር ሳይ ቶሎ ማለፍ አይሆንልኝም። ይህም እንደዚያ ያለ ሥራ ነውና በዝግታ ልግለጠው።

ገጹ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የልጁ ጽሕፈት ነው። መስመሩ የሚታየው ኋላ፣ ያውም ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ነው። እናትየው ዓምዶቹን ያሰመረችው ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ነው። ማስመሪያ አስደግፋ ጫን ስትለው ወረቀቱ በቀጭኑ ይሰረጎዳል፤ አይጠቁርም። ብራና የሚጽፉ ሰዎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ ከተዘጋጀ በኋላ ጸሐፊው ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ከነጥብ እስከ ነጥብ ቀለም በሌለው ሹል ነገር ያሰምራል፤ ፊደሉም ያንን ጭረት እየተከተለ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የእናትየው አባት ቄስ ነበሩ፤ ቤታቸው ውስጥ የብራና ዳዊት ነበር። ጭረቱን በልጅነቷ በጣቷ እየዳሰሰች አድጋለች።

ጌጥ ፍለጋ አይደለም። ጥቁር ሳጥን የበዛበት ቅጽ ልጅን ያስጨንቃል፤ ባዶ የቀረች እያንዳንዷ ሳጥን እንደ ዕዳ ታፈጥበታለች። እዚህ ግን ሥርዓቱ እያለ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ልጁ ብዙ የሚጽፈው ካለው ከዓምዱ ወጥቶ ይጽፋል፣ ገጹም አይበላሽም። ጥቂት ከጻፈም የቀረው ነጭ ወረቀት እንጂ ያልተሞላ ቅጽ አይመስልም። በኮምፒውተር ተሠርተው የሚሸጡ የዕቅድ ደብተሮች አይቻለሁ፤ ሥዕልና ሳጥን የሞላባቸው ናቸው፤ ለልጁ እጅ የተተወ ቦታ ግን ጠባብ ነው። ከእነሱ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ከመዝገቡ የቀኝ ዳር ደግሞ ቀጫጭን የክር ጫፎች ብቅ ብለዋል፤ አረንጓዴው የአማርኛ ንባብ፣ ቀዩ የሒሳብ፣ ሰማያዊው የአካባቢ ሳይንስ፣ ቢጫው የእንግሊዝኛ ነው። እያንዳንዱ ክር በመርፌ ቅጠሉን በስቶ አልፎ፣ በአጭሩ ተቋጥሮ ተቆርጧል። ጣት ክሩን ይዞ ሲስብ መዝገቡ በሚፈለገው ትምህርት ላይ ይከፈታል። ይህም ከብራና መጻሕፍት የመጣ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው በየዕለቱ የሚከፍተው ቦታ አለው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። በየቅጠሉ ዳር የሚሰፋው ባለ ቀለም ክር አንባቢው ቦታውን ሳይቸገር እንዲያገኝ ይረዳዋል። የሳምንት ዕቅድ መጽሐፉ ላይ ተሰፍቶ ይኖራል ማለት ነው። እናትየው ይህን ስታወርስ አንድ ነገር ጨመረች፤ ክሩን የሚሰፋው ልጁ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ቋጠሮ ወፍራም ነው፣ አንዱ ክር ወደ ታች ሸሽቷል። አላቀናችውም።

የመጀመሪያው ቅጠል የዓመቱ ዕቅድ ነው። ልጁ ይጽፋል፣ እናት ታርማለች፣ እርማቱም አብሮ ይኖራል። በአንደኛው ዓመት የልጁ ገጽ ላይ «ሒሳብ ጎበዝ መሆን» የሚለው በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ ከሥሩ በራሱ በልጁ ፊደል «ከ20 በታች ያሉትን ቁጥሮች ጣቴን ሳልቆጥር እደምራለሁ» ይላል። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ «እንግሊዝኛ ማወቅ» ወጥቶ «አንድ ገጽ ታሪክ አንብቤ ለእህቴ በአማርኛ እነግራታለሁ» ገብቷል። «ስለ ተክል መማር» የሚለው «ባቄላ ዘርቼ በየሦስት ቀኑ በማስመሪያ እየለካሁ እጽፋለሁ» ሆኗል። ሥራው ያለው እዚህ ለውጥ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ማንም አይቶ ሊመሰክርላቸው አይችልም፤ የኋለኞቹን ግን አክስት ለቡና ስትመጣ እንኳ ጠይቃ ማረጋገጥ ትችላለች። ደግሞም የእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ ግስ በ«እ» ይጀምራል፣ ባለቤቱም ልጁ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ዕቅድ ማውጣትን ማስተማር ከባድ የሚመስለን ዕቅዱን በአዋቂ ቋንቋ ስለምንጽፍለት ይመስለኛል።

ጊዜውም ልጅ በሚያውቀው የጊዜ ምልክት ተከፍሏል፤ እስከ መስቀል፣ እስከ ገና፣ እስከ ፋሲካ፣ እስከ ሰኔ ሚካኤል። «አንደኛ መንፈቀ ዓመት» ለልጅ ሩቅ አገር ነው፤ ገና ግን መቼ እንደሚመጣ ያውቃል፣ ይጠብቀዋልም። በየክፍሉ ሦስት ግብ ብቻ ይጻፋል። የሴት ልጇ መዝገብ ላይ ዘጠኝ ዘጠኝ ነበር፤ ስድስቱ ተሰርዘው ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም መዝገብ ላይ ከሦስት በላይ አልተጻፈም። ይህ መቀነስ እጅግ ደስ ይለኛል። የጀማሪ ሠሪ ምልክቱ ማብዛት ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በየትምህርቱ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ቁጥር የለም። ከመቶ የተሰጠ ማርክ፣ አማካይ፣ ከክፍሉ ስንተኛ መውጣቱ አይገኝም። ያሉት አራት ቃላት ናቸው፤ ቁጥር፣ ግእዝ፣ ውርድ፣ ቁም።

የአብነት ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሁሉ ያውቃቸዋል። ልጅ ፊደል ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን ሲይዝ አስቀድሞ እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ እየጠራ ይቆጥራል፤ ይህ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ፊደሉን ከፊደል አያይዞ፣ ቃሉን ረገጥ አድርጎና ስቦ ያዜማል፤ ይህ ግእዝ ነው። ከዚያ የቃሉን መነሻና መውደቂያ ለይቶ በራሱ ዜማ የሚያነብበት ውርድ ንባብ ይመጣል። በመጨረሻ ዜማውን ትቶ፣ ማጥበቁንና ማላላቱን ሳይስት፣ እንደሚናገር ሰው ቀጥ ብሎ ያነባል፤ ቁም ንባብ ይሉታል። ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌል፣ ከዚያም ወደ ዳዊት የሚኬደው በዚህ መሰላል ነው። አንድ የሰባት ዓመት ልጅና አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንዱ ቁጥር ላይ፣ ሌላው ቁም ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የኔታ «የት ደረስህ?» ሲሉ ልጁ የሚመልሰው ቦታውን ነው፤ ጣቱን እዚያው መስመር ላይ አድርጎ።

እናትየው እነዚህን አራት ደረጃዎች ከንባብ አውጥታ ለሁሉም ነገር አደረገቻቸው። የ7 ማባዣ «ቁጥር ላይ» ማለት ልጁ ሰባት ሰባት እየጨመረ በጣቱ ይደርስበታል ማለት ነው። «ግእዝ ላይ» ከሆነ በቅደም ተከተል ይለዋል፣ መሐል ላይ ሲጠይቁት ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለበት። «ውርድ» ሲደርስ ከየትም ቢጠይቁት ይመልሳል፣ ጥቂት እያሰበ። «ቁም» ሲሆን ሱቅ ሄዶ ሰባት ዳቦ ገዝቶ መልሱን ቆጥሮ ይመጣል። ማባዛትን በእንዲህ ያለ ብልሃት የከፈለ የመምህር መምሪያ አላየሁም። ጫማ ማሰር፣ ሰዓት ማንበብ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሽንኩርት መክተፍ እንኳ በዚሁ ሚዛን ተለክተዋል። «ሽንኩርት፦ ውርድ» ይላል አንድ ገጽ፤ ቀኑ የካቲት ነው። ግንቦት ላይ «ቁም» ተብሎ ተዘግቷል።

የዚህ ሚዛን ጥሩነት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልጁ ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። 64 ያመጣ ልጅ 65 ለማምጣት ምን ማድረግ እንዳለበት ከቁጥሩ ላይ አያነብም፤ «ግእዝ ላይ ነህ» የተባለ ግን የቀረው መሐል ላይ ሲጠየቅ መመለስ መሆኑ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ወደ ኋላ መመለስ አያሳፍርም። አዲስ ገጽ የጀመረ ተማሪ ሁሉ ከቁጥር ይነሳል፤ ዳዊት የደገመውም ቢሆን ድጓ ሲጀምር እንደ ሕፃን ነው።

ትምህርትን እንዲህ በደረጃ መመስከር በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው። ድጓ የሚማር ሰው መጽሐፉን ከነምልክቱ በራሱ እጅ ይጽፋል፤ ጽፎ የጨረሰው መጽሐፍ ራሱ የመማሩ ማስረጃ ይሆናል፤ ከዚያም ደቡብ ጎንደር ቤተ ልሔም ሄዶ በዚያ ባሉት መምህር ፊት ይመሰከርለታል። ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ መመስከሪያው ዙር አባ ነው። በወሎና በሐረር የቁርአን ቤቶችም ልጁ የዕለት ትምህርቱን በእንጨት ሉህ ላይ በቀለም ይጽፋል፤ በቃሉ ሲያዘው ሉሁን አጥቦ ሌላ ይጽፋል። እዚያ መዝገቡ የልጁ ልብ ነው፤ የታጠበው ሉህ ይመሰክራል። ሕዝቡም ፊደል የቆጠረበት ገበታ፣ በተለይ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሳተሙትና በየገበያው የተዳረሰው፣ በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ዓምድ 231 ሆነው ተደርድረዋል፤ ልጅ በስንጥር እየጠቆመ ይወርዳል፤ ስንጥሩ ያለበት ቦታ የዕለቱ መዝገብ ነው።

ቁጥርን የምቃወም እንዳይመስል። ሚሊዮኖችን የምታስተምር አገር ያለ ማርክና ያለ ሮስተር አትሠራም፤ ማስመሪያ ይዞ ሮስተር ሲያሰምር የሚያመሽ የስም ጠሪ መምህር ድካምም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። እነዚያ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርድ ሲቀበሉ፣ ወላጅ ሲፈርምበት፣ ከክፍል ክፍል ሲዛወሩ ኖረዋል። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና ልጁ በእርግጥ የሚችለው ነገር የሆነ ቦታ ላይ ተለያይተዋል። የዚህች እናት አራት ቃላት ቢያንስ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱን መልሰው አገናኝተዋል።

ሥራው የተጀመረው እንደ ብዙው ቤት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ነው። በመላ አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ቀረ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ ለከተማው ደግሞ በቴሌግራም መጣ። የመለማመጃ ወረቀት በስልክ ላይ ይዘንብ ነበር፤ የትኛው እንደተሠራ፣ የትኛው እንደታረመ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ያኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው የሴት ልጇ መዝገብ የተወለደው ይህን ጎርፍ ለመያዝ ነው። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በየተራ ሲከፈቱ እሷ ተመለሰች። ታናሽ ወንድሟ አስም ስላለበት ወላጆቹ ቤት ሊያቆዩት ወሰኑ፤ ለአንድ ዓመት የታሰበው እስከ ሦስተኛ ክፍል ሄደ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጥቶ የመጻሕፍቱ ምዕራፎች ሲቀያየሩ መዝገቡ አልተናጋም፤ ግቦቹ የተጻፉት በምዕራፍ ቁጥር ሳይሆን ልጁ በሚችለው ነበርና።

የዕለቱ ገጽ አራት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ የታቀደ፣ የተሠራ፣ ያደረ። አራተኛው የእናትየው ጥበብ የበዛበት ነው። ያልተሠራው ሥራ እዚያ ይገባል፣ ምክንያቱም በአንድ መስመር ይጻፋል። «መብራት ጠፋ።» «ደረቴን አፍኖኝ ተኛሁ።» «እንግዳ መጣ።» «አልገባኝም።» «አልፈለግሁም።» የመጨረሻውም ያለ እርማት ተቀምጧል፤ ልጅ እውነቱን ሲጽፍ ከተቀጣ ሁለተኛ አይጽፍምና። አንድ ሥራ ሦስት ጊዜ ካደረ ይከበባል፤ ማታ እናትና ልጅ አብረው ተቀምጠው ወይ ለሁለት ይከፍሉታል፣ ወይ ወደ ኋላ ይገፉታል፣ ወይ ይሰርዙታል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ «ክፍልፋይ» ሦስት ጊዜ አድሯል፤ ምክንያቱ ሦስቱንም ጊዜ «አልገባኝም» ነው። በማግስቱ የታቀደው «አንድ እንጀራ ለአራት፣ ለስምንት መቁረጥ» ይላል። ከዚያ በኋላ ክፍልፋይ አላደረም። መዝገብ የሚያዝበትን ምክንያት ለሚጠይቀኝ ሰው ይህችን ገጽ ባሳየው ደስ ይለኛል። የተመዘገበው ነገር የነገን ሥራ ለውጧል።

ገጾቹ መሐል የሰፈሩም ነገር አለ። ልጁ ከሰኔ እስከ መስከረም የዝናብ መለኪያ ይዟል፤ አናቱ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ጎኑ ላይ በሚሊ ሜትር የተለጠፈ ወረቀት። ጠዋት ጠዋት ይለካል፣ ከጎኑ የፉሪን ጋራ ሁኔታ ይጽፋል፤ «ጋራው አይታይም»፣ «ግማሹ ይታያል»፣ «ጥርት ብሏል»። ነሐሴ ላይ ሁለቱን ዓምዶች እያነጻጸረ «ጋራው ጠዋት ጥርት ካለ ከሰዓት የሚዘንበው ብዙ ነው» ብሎ ጻፈ፤ በሳምንቱ «ሁልጊዜ አይደለም» ሲል ጨመረ። ይህች «ሁልጊዜ አይደለም» ከብዙ ፈተና ትበልጥብኛለች። ባቡሩም አለ። ከሰበታ ተነስቶ በፉሪ ለቡ ጣቢያ አልፎ ጅቡቲ የሚደርሰው መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ልጁ «በሰዓት 100 ቢሄድ ስንት ሰዓት?» ብሎ አስልቷል፤ ከሥሩ «ግን ይቆማል» የሚል አለ። መዝገቡ ሰፊ ስለሆነ ነው እንዲህ ያለው ሐሳብ የሚያርፍበት ያገኘው።

የኋላው ልባስ ውስጥ በሙጫ የተለጠፈ ካኪ ፖስታ አለ። የሥራ ናሙና የሚቀመጥበት ነው፤ በወር አንድ ወረቀት ብቻ ይገባል፣ የሚመርጠውም ልጁ ነው። ሲመርጥ ከጀርባው ለምን እንደመረጠው ይጽፋል። «ቀ ቆንጆ ስለወጣችልኝ።» «መጀመሪያ ተሳስቼ ኋላ ስላገኘሁት።» አንድ ዓመት በዚህ መንገድ አሥራ ሁለት ወረቀት ይሆናል፤ ፖስታውም አያብጥም። ንባቡ ደግሞ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በስልክ ይቀረጻል፤ ፋይሉ በቀኑ ይሰየማል፣ መዝገቡ ላይ ከአረንጓዴው ክር ሥር ይጠቀሳል። የመስከረሙንና የሰኔውን አከታትሎ ማዳመጥ ደረጃዎቹን በጆሮ መስማት ነው። የመጀመሪያው እየቆጠረ ይሄዳል፣ የኋለኛው ቆሞ ያነባል።

በሌላ አገር አንዳንድ ቦታ ይህ ሥራ በሕግ ግዴታ ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት በሜሪላንድ ግዛት ልጁን ቤት የሚያስተምር ወላጅ በስምንት የትምህርት ዓይነቶች የልጁን ሥራ የሚያሳይ ማኅደር መያዝ አለበት፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያየው ይችላል። በፔንሲልቬንያም የማስተማሩ መዝገብ ይጠየቃል። እንግሊዛዊቷ መምህርት ሻርሎት ሜሰን ከመቶ ዓመት በፊት ልጆች ያዩትን ተክልና ወፍ የሚጽፉበትና የሚሥሉበት ደብተር እንዲኖራቸው ታስተምር ነበር። የፉሪዋ እናት ማንም ሳይጠይቃት ነው የያዘችው። ለተቆጣጣሪ የሚዘጋጅ ማኅደር የሚያምረውን ብቻ መርጦ ማሳየቱ አይቀርም፤ ይህ ግን ለመሥሪያ የተሠራ ነውና «አልፈለግሁም» የሚለውንም ይዟል።

ጳጉሜን አዲስ ትምህርት የለም። አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀናት መዝገቡን ወደ ኋላ ማንበቢያ ናቸው። ልጁ ከመስከረም ጀምሮ ይገልጣል፤ አሁን ስህተቱ የታየውን በእርሳስ ያርማል፣ ያረጀውን አይሰርዝም። በመጨረሻው ቅጠል ሦስት መስመር ይጽፋል፤ የቻልኩት፣ ያደረብኝ፣ ለሚቀጥለው የሚሄደው። ሦስተኛው መስመር በእንቁጣጣሽ ማግስት የአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለን ሕዝብ ሆነን ይህን ጊዜ ለልጆቻችን እንዲህ አለመጠቀማችን ይቆጨኛል።

በ2016 ዓ.ም. ልጁ ለአራተኛ ክፍል ሊመዘገብ ሲሄድ የተጠየቀው ካርድ ነበር። እናትየው ለዚህም አስባ ኖሮ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ አዘጋጅታለች። በግራ የሦስተኛ ክፍል መጻሕፍት ይዘት በየምዕራፉ፣ በቀኝ ልጁ ያለበት ደረጃና ማስረጃው የሚገኝበት የመዝገብ ገጽ። ርዕሰ መምህሩ በቀኝ ያለውን ገጽ ቁጥር እየተከተሉ አንድ ሁለት ቦታ ገለጡ፤ ልጁን የመግቢያ ፈተና ፈተኑት፤ ገባ። ሁለቱን ገጽ ደግሜ አይቻቸዋለሁ። «ቁም» ያልተባለው ሁሉ በግልጽ ተጽፏል፤ «የእንግሊዝኛ ጽሕፈት፦ ግእዝ» ይላል። ልጇን ለማስገባት የምትፈልግ እናት ድካሙን አልሸፈነችም። አዲሱ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ከየት መጀመር እንዳለበት ያወቀውም ከዚያች መስመር ነው።

በአንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። አስመርታ ማተሚያ ቤት ብትሰጠው ብዙ ወላጅ ይጠቀምበታል አልኳት፤ ልጃቸውን ቤት የሚያስተምሩ፣ ወይም ከትምህርት ቤት መልስ የሚከታተሉ። እሷ እንቢ አለች። ገጹን ስታሰምር ነው ስለዚያ ልጅ የምታስበው፤ ለሴት ልጇ የ«ያደረ» ዓምድ ጠባብ ነበር፣ ለወንዱ ሰፊ ነው፣ አስሙ ሲነሳ ብዙ ቀን ስለሚያድርበት። «ከታተመ ለማን አሰፋዋለሁ?» አለችኝ። አሁን ለአንዲት የጎረቤት ልጅ አዲስ መዝገብ ይዛለች፤ ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ የቆየች ናት፣ ዕድሜዋ ከክፍሏ ከፍ ያለ። የዕቅዱን ቅጠል አይቻለሁ፤ እስከ መስቀል የተጻፈው ሦስት ሳይሆን አንድ ግብ ነው፣ የ«ያደረ» ዓምዱም ከሁሉም መዝገቦች ሰፊው ነው።